እትዬ አስካለ ለልጇ ሽማግሌ የላከች ጊዜ

እትዬ አስካለ ጓዟን ጠቅልላ መቂ ከገባች ወዲህ የእኛ መስመር ጭር ብሏል። የሞተች እንዳይመስላችሁ፤ ከሁላችንም በላይ ደህና ናት። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። አሁን መሪውን ትቶ ከወንድሟ ጋር በመስኖ ሽንኩርት ማልማት ጀምሯል። እሷም «ይህን ሁሉ ዘመን የሸጥኩትን ነገር እስቲ ሲበቅል ልየው» ብላ ተከተለችው። መጋዘኗ አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል። ማታ ማታ ሙዚቃ ይለቀቅበታል። ሙዚቃው መጥፎ አይደለም፤ ግን በዕለቱ ማን ምን እንዳጠፋ አይነግረንም።

ይህን ለመረዳት የእትዬ አስካለን አፍ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ አዳማ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የውሃ ታንከር። እሷ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂ እያስመጣች በጅምላ ትሸጥ ነበር። በሁለታችን መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይዝም።

አፏ የታወቀ ነበር። የምትሳደበው እንደ ሌላው ሰው በዘፈቀደ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ትሰፋለታለች። መቂ ላይ ጭነት የሚያገናኛትን ደላላ፣ ብርሃኑን፣ አንድ ጊዜ «አንተ ሰው ነህ ወይስ የጎማ ካላማዳሪ? ስነፋህ ትቆማለህ፣ ዘወር ስል ትተነፍሳለህ!» ስትለው ሰምቻለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «የአንተ ቃል የክረምት መንገድ ነው፤ ገብቶበት ያልሰመጠ የለም» አለችው። ብርሃኑም አይቀየምም። እንዲያውም ወደ ሻይ ቤት ሄዶ ለሰው ይደግመው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ቀን ላይ የምትለው አይደለም፤ ቀን ላይማ ገዢ አለ፣ ትቆጠባለች። ዋናው የማምሻው ነው። ገበያው ሲበተን ጫኝና አውራጆቹን ታሰናብታለች። መጋዘኗ ትገባና በሩን ከውስጥ ትዘጋለች። ከዚያ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ጎትታ ፊቷ ታቆምና ስም ታወጣለታለች። «ዛሬ አንተ የቀበሌው ሰውዬ ነህ!» ትለዋለች። ከዚያ ይጀመራል። ሌላውን ትጎትታለች፤ «አንተ ደግሞ ብርሃኑ ነህ፤ ቀጥ ብለህ ቁም!»

መስመሩ በሙሉ የዕለቱን ወሬ የሚሰማው ከዚያ ነበር። ማን ዋጋ እንዳዛባ፣ ማን ሚዛን ላይ ጣቱን እንዳሳረፈ፣ ማን ሰው ፊት አክብሯት ከኋላዋ እንዳማት። ባቄላ የሚሸጠው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ፣ ቤቱ መሄድ ሲገባው፣ የእኔ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። «ዛሬ ማን ነው ተረኛው?» ይላል። ስሙ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የቆየ ሰው ቅር ይለዋል፤ «እኔን ረሳችኝ እንዴ?»

ስትጨርስ በሩ ይከፈታል። ከእኔ ጀሪካን ውሃ ቀድታ ፊቷን ትታጠባለች። የገበያ ጫማዋን አውልቃ የቤቱን ታደርጋለች። ነጠላዋን አስተካክላ ባጃጅ ትጠራለች። ባጃጇን የምትጠራበት ድምፅ ሌላ ነው። ያቺ ቅድም ማዳበሪያ ስታንቀጠቅጥ የነበረችው ሴት ናት ብትሉት ባለ ባጃጁ አያምንም።

አንድ ቀን ጠየቅኳት። «እትዬ አስካለ፣ ሽንኩርቱ ምን በደለሽ?»

«ምንም አልበደለኝም፤ ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት» አለችኝ። ፊቷን እያደረቀች ነበር። «እያራገፍኩ ነው፣ ተካ። ቤቴ ስደርስ ቤዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ምን እንደያዝኩላት ለማየት መጀመሪያ እጄን የምታይ ይመስልሃል? ፊቴን ነው የምታየው። ፊቴ ላይ ብርሃኑ ካለ፣ ልጄ እኔን አላገኘችም፤ ብርሃኑን ነው ያገኘችው። የእሱን ፊት ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።»

ቤዛ አንድ ልጇ ናት። ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ አንዴ ጅቡቲ፣ አንዴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወረፋ ላይ ነው፤ እናትም አባትም አስካለ ነበረች። ልጅቷ አፏን የወረሰችው ከማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ከጎረቤት ስልክ እየደወለች እናቷን በገበያ መሃል ትይዛታለች። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ትልቅ ገዢ ዋጋ ሊቆርጥ ሲል ስልኳ ጮኸ። አስካለ አንስታ አዳመጠችና እጇን ወደ ሰውዬው ዘርግታ፣ «አንዴ ይቆዩኝ፣ የጎረቤት ድመት አዝናለች» አለችው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ድመቷ ለምን እንዳዘነች እስኪጣራ ድረስ ሽንኩርቱ አልተሸጠም።

ልጅቷ ስታለቅስ «ዝም በይ» ስትላት ሰምቼ አላውቅም። ሣጥን ላይ ታስቀምጣትና፣ ለአውራጆቿ በምትናገርበት ቋንቋ፣ «እሺ፣ ከላይ ያለውን አስቀድመሽ አውርጂ» ትላታለች። ልጅቷም ታወርዳለች፤ መምህሯን፣ እርሳሷን የወሰደችባትን ልጅ፣ አባቷ ቃል ገብቶ የቀረበትን ቀን። እኛ ሌሎቻችን ያን ጊዜ ዳቦና ኩርፊያ በአንድ ፌስታል ይዘን ነበር ቤት የምንገባው፤ እና እሷን ስናይ ትርፍ ጊዜ ያላት ይመስለን ነበር።

እንግዲህ አንድ ሚያዝያ ብርሃኑ ጉዱን ሠራ። መቂ ላይ የአስካለን ቲማቲም አስጫነ። መኪናው ቀጥታ መምጣት ሲገባው ሾፌሩን «ሞጆ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ አለ፣ በመንገድህ አንሳው» አለው። ሞጆ ወረፋ ነበር። ቲማቲሙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለ። አዳማ ሲደርስ ስልስ ሆኖ ነበር፤ የቀረው ጨው ብቻ ነው። ከመኪናው በታች ይንጠባጠባል፤ ዝንቡ ከሞጆ ጀምሮ አጅቦት መጥቷል። ብርሃኑ ስልኩን አጥፍቶ ተሰወረ።

አስካለ ያን ቀን አልጮኸችም። ከጮኸች ይሻል ነበር። የሚተርፈውን ለመለየት ሴቶች ቀጠረች፤ መጋዘኑ በሰውና በአካፋ ሞላ፤ ወለሉ ቀይ ኩሬ ሆነ። የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

«እትዬ፣ ሳታራግፊ?» አልኳት።

«የት ላራግፍ?» አለችኝ። በሩ ውስጥ ያሉትን ሴቶች አየች፤ ያን ጭንቅ ሰው ፊት መዘርገፍ አልሆነላትም። ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ባጃጅ ውስጥ ገባች።

የሆነውን በማግስቱ ራሷ ነገረችኝ። ቤዛ እናቷን ደስ ልታሰኝ ብላ ከማዕድ ቤት ያለውን ቲማቲም አውጥታለች። በር ላይ ላስቲክ አንጥፋ፣ ትንንሽ መደብ መድባ፣ የእናቷን አሮጌ ሽርጥ ታጥቃ ትጠብቃለች። ባጃጇ ስትቆም፣ «ና ቲማቲም! የመቂ ቲማቲም! እማዬ፣ ግዢኝ!» አለች። አስካለ ቲማቲም የሚለውን ቃል ስትሰማ ዓይኗ ጠቆረ። መደቡን በእግሯ በተነችውና፣ ለብርሃኑ ያዘጋጀችውን በሙሉ በዚያች ልጅ ላይ ለቀቀችው። የመጨረሻው ቃል «ከዓይኔ ጥፊ!» የሚል ነበር።

ልጅቷም ጠፋች።

ከቤት አልወጣችም። እናቷ ሳሎን ስትሆን እሷ ጓዳ ናት። እናቷ ጓዳ ስትገባ እሷ ጓሮ ናት። አታለቅስም፣ አትጠይቅም፣ አትደውልም። ጎረቤቶች ደግሞ ያመሰግኗታል፤ «አስካለ፣ ታድለሽ! ምን ያለች ጨዋ ልጅ ሆነችልሽ!»

«ጨዋ!» አለችኝ አስካለ። «ተካ፣ ይቅርታ አልኳት እኮ። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? እሺ አለችኝ! ቤዛ ከተወለደች እሺ ብላ አታውቅም። ይቺ ልጅ ጨዋ አልሆነችም፣ ፈርታኛለች። ጨዋነትና ፍርሃት በሩቁ ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት ጫማ ነው የሚያደርጉት።»

ብስኩት ገዛች፣ ጫማ ገዛች። ልጅቷ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ተቀብላ ዞር አለች። አስካለም ማምሻውን መጋዘን መግባቷን ተወች። መስመሩ በሙሉ ተጨነቀ። አንድ ገዢ የማይሆን ዋጋ ሲጠራ «ውሰደው» አለችው። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ፣ «ደህና ነሽ ግን?» ብሎ ጠየቃት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቄ መጥታ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለች።

«ከባልሽ ተጣላሽ?»

«ከቤዛ ጋር።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ሰው የበደለው ሰው አልመለስ ሲለው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። ከአንተ ጋር ብጣላ ልልክ አልነበር? ቤዛ ከአንተ ታንሳለች?»

እውነቱን ለመናገር የእኔና የቤዛ ደረጃ አስቤው የማላውቅ ጉዳይ ነው።

ለዋና ሽማግሌነት ኦቦ ገመቹን መረጠች። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የደም ጠብ ሳይቀር ያስታረቁ፣ ባርኔጣቸውን ለማንም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው እኔ ሆንኩ፣ ቅርብ ስለተገኘሁ። ሦስተኛው ብርሃኑ ነው። ተደብቆ ሰንብቶ ልክ በዚያው ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ያዘችው።

«እኔ? እኔ እኮ ጥፋተኛው ነኝ!» አለ።

«ለዚህ ነው» አለችው። «ምንም አልልህም። ሽማግሌ ትሆናለህ፣ አለቀ።» ብርሃኑ ሲያወራው እንደኖረው፣ ያን ያህል የከበደ ስድብ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት ሄድን። አስካለ ጓሮ ተደበቀች። እኛ በሥርዓቱ በር ላይ ተደርድረን ቆምን። ኦቦ ገመቹ በከዘራቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ፤ «ቤቶች!»

ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ዓይን ብቅ አለ። «እማዬ የለችም።»

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ እንደምን አለሽ፣ ልጄ፣ ማለታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እናትሽን አይደለም። ወይዘሪት ቤዛን ፈልገን ነው። ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል። ካልፈቀድሽልን አንቀመጥም።»

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ አንድ በአንድ ዱካ ጎትታ አመጣችልን። «ይቀመጡ» አለቻቸው፤ ለእኔና ለብርሃኑም፣ «እናንተም ቁጭ በሉ።» እሷ ሶፋው ላይ ወጣች፤ እግሯ ወለል አይደርስም፤ ፊቷ ግን የዳኛ ነው።

ኦቦ ገመቹ እንደ ወጉ ጀመሩ። «እናትሽ ልካን ነው። አጥፍቻለሁ፣ እክሳለሁ ብላለች። እኛም…»

«ከዓይኔ ጥፊ ያለችኝ እሷ ናት» አለች ቤዛ። «እየጠፋሁ ነው። ስበላ አታየኝም። ከትምህርት ቤት ስመጣ በጓሮ ነው የምገባው። በደንብ እየጠፋሁ ነው።»

የቤት ሥራዋን ጨርሳ እንደምታሳይ ልጅ ነበር የተናገረችው፤ ከኩራት ጋር። ኦቦ ገመቹ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ደባበሱ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ፤ ቀለም ያስፈልገው ነበር።

ብርሃኑ ነው የተነሳው። ደላላ ሆኖ ሲናገር ብዙ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ድምፁ አንሶ አያውቅም። «ቤዛዬ፣ ያ ቃል የእኔ ነው» አለ። «የእናትሽን ቲማቲም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ዘግቼ ስላጣችኝ በስህተት አንቺ ላይ ተራገፈ። ልወስደው መጣሁ።»

ቤዛ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «ጥፋ ከተባልክ ታዲያ ለምን አልጠፋህም?»

«እኔማ ለምጄዋለሁ! በየቀኑ ጥፋ ትለኛለች፣ በማግስቱ ስትፈልገኝ አለሁ። አንቺ ሥራውን ስለማታውቂው ነው የምር ያደረግሽው።»

የልጅቷ ከንፈር ዳር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እኔም ተራዬ ነውና የመጋዘኑን ነገር ነገርኳት፤ እናቷ በየማምሻው ምን እንደምታደርግ፣ ለምን እንደምታደርግ፣ ያን ቀን ግን ቦታው በሰው ተሞልቶ እንደነበር። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሽንኩርቱን? ሽንኩርቱ ምን ይላታል?»

«ምንም አይላትም።»

«አይቆጣትም?»

«ሽንኩርት ምን አፍ አለው!»

ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። «እኔም መግባት እፈልጋለሁ። እኔም ብዙ አለብኝ። ካስገባችኝ እታረቃለሁ።»

አስካለን ከጓሮ ጠራናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ተከሳሽ በር ላይ ቆመች። ኦቦ ገመቹ ውሳኔውን አሰሙ። «እሺ» አለች።

«ማንም አይቆጣኝም?» አለች ቤዛ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷን ቀጥ ብላ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። «ምንም ብል?»

«ምንም ብትይ» አለች አስካለ።

ወዲያው አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀን ገበያ ሄድን፤ የኦቦ ገመቹ ከዘራ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ቤዛ መጋዘን ገባችና ዞር ዞር ብላ መረጠች። የመረጠችው ትልቁን ማዳበሪያ ነው። በሩን ዘጋች። አስካለ ደጅ ያለው የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እኛ ራቅ ያልን መስለን ቀረብ ብለን ቆምን።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ «አንቺ» አለ። ቀጥሎም ከፍ ብሎ፣ «አንቺ ማዳበሪያ! ዛሬ አንቺ እማዬ ነሽ!»

ብርሃኑ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰው ነሽ ወይስ ካላማዳሪ! ሁልጊዜ ሽንኩርት! ሁልጊዜ ስልክ! ሱቄን በተንሽብኝ! አንድ ቲማቲም እንኳን ሳትገዢኝ! ላንቺ ብዬ ነበር እኮ መድቤ የጠበቅኩሽ!» ማዳበሪያው በእግር ሲመታ ይሰማል። «ጥፊ አልሽኝ! እሺ ጠፋሁ! ስጠፋ ታዲያ ለምን ቶሎ አልፈለግሽኝም!»

አስካለ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ መቻል አቅቶኝ በሩን ላንኳኳ ተነሳሁ፤ በቃ፣ ልጅት ሆይ፣ እናትሽ እዚህ ናት ልል። አስካለ ሱሪዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ቁጭ በል» አለችኝ። ዕንባዋ ይወርዳል፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ገና አልጨረሰችም።»

ኦቦ ገመቹ ጆሯቸውን ወደ ቆርቆሮው አዘንብለው፣ «ፋብሪካው የእንፋሎት ቦይለሩን ሲያስተነፍስ ድምፁ ልክ ይሄ ነበር» አሉ። «ያ ድምፅ ሲጠፋ ነበር ይፈነዳል ብለን የምንሮጠው።»

በሩ ሲከፈት የቤዛ ፊት በርበሬ መስሎ ነበር። ማንንም ሳታይ ወደ እኔ ሱቅ ሄዳ ጀሪካኑ ሥር ቆመች። እናቷ ተከትላ ውሃ አፈሰሰችላት። ታጠበች፣ በእናቷ ነጠላ ጫፍ ፊቷን አደረቀች።

«ያ ቲማቲም አሁንም ይሸጣል?» አለቻት አስካለ።

«ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

ቤዛ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ «ብርሃኑ» አለች።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪላቀሱ ድረስ ብርሃኑ ብቻውን ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤዛ የራሷ ማዳበሪያ ተለየላት። አስካለም አንድ ሕግ አወጣች፤ ውስጥ የተባለ ነገር ደጅ ላይ አይጠየቅም። «እኔ ማራገፊያውን ለራሴ ብቻ ሠርቼ ነበር፤ የልጅ ጭነት አይታየኝም ነበር» ብላኛለች። ዛሬ ቤዛ ባንክ ውስጥ ደንበኛ ታስተናግዳለች። በትዕግሥቷ ያመሰግኗታል። እኔ ግን ካዝናው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ የምትቆይበት ሰዓት እንዳለ እጠረጥራለሁ።

አስካለ ከሄደች በኋላ እኔ ሽንኩርት ከየት ላምጣ? ያለኝ ፕላስቲክ ነው። ከሱቁ ኋላ አፉ ላይ የተሰነጠቀ አንድ ትልቅ ጥቁር የውሃ ታንከር አለ። በጎኑ አጋድሜዋለሁ። መጀመሪያ የገባሁበት እኔ ነኝ። ታንከር ከሽንኩርት የሚለይበት ነገር ቢኖር ድምፅህን መልሶ ይሰጥሃል፤ ቤት ውስጥ ስናገር ምን እንደምመስል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ቀጥላ ልጄ ማክዳ አገኘችው። አሁን ገዢ መጥቶ «ይሄ ስንት ነው?» ሲል «አይሸጥም» እላለሁ። በቅናሽም አይሸጥም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አስካለ ከመቂ ደወለች። ሽንኩርቱ መብቀሉን ነገረችኝ። «እያየሁት ሲበቅል ግን መስደብ ከበደኝ፤ ከልጅነቱ አወቅኩት እኮ» አለች። ስትስቅ ቆይታ ድንገት አቆመች።

«ከኋላህ የሚጮኸው ማነው?»

«ማክዳ ናት። ታንከር ውስጥ ናት።»

«ማንን ነው?»

«እኔን ነው።»

«አንተ ምን አልክ?»

«ምንም። ደጅ ቁጭ ብያለሁ።»

ጩኸቱን አዳመጠች።

«በል ተመቻችተህ ተቀመጥ» አለችኝ። «ገና አልጨረሰችም።»